ቢጫው ጣሳና የጎሮ መንገድ

አንዳንድ ማለዳ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ምላሴ ላይ ጣዕም ይመጣል። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ የከረሜላ ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ጥግ ተደብቆ የሚቀር ምሬት። እንቅልፍና ንቃት መሀል ሆኜ አጣጥመዋለሁ። ከዚያ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ያልፋል፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ እነቃለሁ። ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ነገር የጀመረኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በምላሴ እንጀራ በላሁ። እንዲህ ስል የማያውቀኝ ሰው ደላላ የነበርኩ ይመስለዋል። አልነበርኩም፤ ጉርድ ሾላ አጠገብ በነበረ አንድ አነስተኛ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ቀማሽ ነበርኩ። በሽኝቴ ቀን ኬኩ ተቆርሶ፣ ደብዳቤው ተነቦ፣ የጡረታ ወረቀቴን በፖስታ ተቀብዬ ስቀመጥ፣ አንዲት ወጣት ኬሚስት ጎኔ መጥታ፣ «እትዬ ዘሀራ፣ ከቀመሷቸው ሁሉ የማይረሱት የትኛውን ነው?» አለችኝ።

«የድሮውን ብርቱካን» አልኳት።

ዋሸኋት። የማልረሳው ቢጫውን ጣሳ ነው። እሱ ግን ኬክ በእጅ ተይዞ የሚወራ ነገር አይደለም።

ፋብሪካው የገባሁት ጠርሙስ ለቃሚ ሆኜ ነው። ከደሴ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ ገና ብዙ አልቆየም። ከደንበኛ የሚመለሰው ጠርሙስ ታጥቦ፣ በመብራት ፊት ታይቶ፣ ወደ መሙያው ይሄዳል። የኔ ቦታ ከማጠቢያው በፊት ነበር፤ የተሰበረውንና የቆሸሸውን ለይቶ ማውጣት። በዚያ ዘመን የለስላሳ ጠርሙስ በየቤቱ የማይገባበት ሥራ አልነበረም። ዘይት ይያዝበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ላምባ ይቀመጥበታል። ላምባ የነካው ጠርሙስ ደጋግሞ ቢታጠብም ሽታውን አይለቅም።

አንድ ጠዋት ሦስት ጠርሙስ ለብቻ አስቀመጥኩ። የመስመሩ አለቃ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ላምባ» አልኩት። አሸተተ፤ ምንም አልሸተተውም። «ሥራ አታስፈቺ» ብሎ ሊመልሳቸው ሲል ከኋላው የቆሙ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ተቀበሉት። እንደኛ ወዲያው አፍንጫቸው ሥር አላደረጉትም። አፉን በመዳፋቸው ደፍነው ጥቂት ካሞቁት በኋላ ገለጥ አድርገው አሸተቱት።

«ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። «ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ትሁን።»

ሽማግሌው ዋናው ቀማሽ ጋሽ በዳዳ ነበሩ። የጎሮ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ጎሮ ያን ጊዜ ገና የጤፍ ማሳ ነበረች። በወጣትነታቸው ቦሌ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተቀጥረው ሃያ ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው መጠጥ ቀድተዋል። የሌላውን ሰው ብርጭቆ እያሸተቱ እሳቸው ግን ጠጪ ሳይሆኑ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ በሞት ስትለየኝ እንኳ ያላለቀስኩትን ያህል ያለቀስኩት እሳቸው በሞቱ ቀን ነው፤ ይህን እናቴም ትረዳልኛለች።

የመቅመሻ ክፍላችን በምሥራቅ በኩል ትልቅ መስኮት ነበራት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በብርጭቆዎቹ ውስጥ አልፋ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ብርቱካንማና ቢጫ ጥላ ትጥላለች። ዛሬም ያቺን ክፍል ሳስባት በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ድምፅ የለባትም።

ደንባቸው ብዙ ነው። ሥራ ባለበት ቀን ቁርስ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ የለም፤ ደረቅ ዳቦና ለብ ያለ ውኃ ብቻ። ሽቶ የለም። አንድ ቀን ጠጉሬን ቅባት ተቀብቼ ስመጣ በሩ ላይ አስቁመው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ከጠጉርሽ በቀር የምንቀምሰው የለም» ብለው ወደ ቤቴ መለሱኝ። መጠጥ መጀመሪያ የሚቀመሰው ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ብርድ ጉድለት ይሸፍናል። እያንዳንዱ መጠጥ ራስ፣ ሆድና ጅራት አለው። ራሱ ምላስ ሲነካ የሚመጣው ነው፤ ሆዱ አፍ ሲሞላ፤ ጅራቱ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ የሚቀረው። ማውራት የሚፈቀደው ከተጻፈ በኋላ ነው። የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም። ከተሳሳትሽ ሰርዘሽ ጎኑ ትጽፊያለሽ፤ ስሕተትሽም መነበብ አለበት ይላሉ። ስድስት ብርጭቆ ከቀመስን በኋላ ወደ ግቢ አስወጥተው ባሕር ዛፎቹን እንድመለከት ያደርጉኝ ነበር። «ዛፍ አይቀመስም» ይሉኛል። «ምላስም ታርፋለች።»

እሳቸው ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ምንም አይነካም፤ ሁዳዴም ሲመጣ እንደዚያው። ያን ጊዜ እኔ እቀምሳለሁ። በረመዳን ደግሞ እኔ አሸታለሁ፣ እሳቸው ይቀምሳሉ። ሁለቱ ጾም የገጠመ ዓመት ግን ፋብሪካው ቀማሽ አጥቶ ሲንገላታ፣ እኛ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ስለ ጎሮ ጤፍና ስለ ቦርከና ወንዝ ስናወራ እንውላለን።

ቢጫው ጣሳ የመጣው በሁለተኛው ሥራ አስኪያጃችን በአቶ ፍስሐ ጊዜ ነው። አቶ ፍስሐ መልካም ሰው ነበሩ፤ ችኩል ግን። አንድ ጠዋት ቢጫ ጣሳ የሞላበት ካርቶን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። ከውጭ አገር የመጣ፣ የሎሚና የመንደሪን ጣዕም ያለው ኃይል ሰጪ መጠጥ ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ኃይል ሰጪ ሲባል እኛ የምናውቀው በሶና አጥሚት ነበር። ወኪል ሆነው ሊያስመጡት አስበዋል፤ ቦሌ ላይ በየቀኑ በሚከፈቱት ቡና ቤቶችና ሆቴሎች ለብቻውም፣ ከአልኮል ጋር ተደባልቆም እንዲሸጥ።

«ፍረዱት» አሉን። «ለብቻው እንዴት ነው? ሲደባለቅስ? ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አላስመጣም።»

መጀመሪያ ለብቻው ቀመስነው፤ ሳይቀዘቅዝ። ጋሽ በዳዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ። ራሱ ደስ ይላል፤ ሎሚ በጥፍር ሲቧጨር ብን ብላ የምትወጣው ሽታ አለችው። ሆዱ ግን ስኳር ይበዛበታል፤ የልጆች የሳል ሽሮፕ ይመስላል። ጅራቱ ይመራል፤ ጫር አድርጎ ያልፍና እንደገና ተመልሶ ይመጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሽሮፑ ተደበቀ፤ ምሬቱ ቀረ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ከአሥር ስድስት ሰጠነው።

እንደ ልማዴ ጥቂቷን ውጬ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ጫማዬ መሬት የሚነካ አይመስልም። የጉርድ ሾላ ሱቆች፣ ታክሲ የሚጠራው ረዳት፣ የበግ ነጋዴዎቹ፣ ሁሉም ከወትሮው የጠሩ ሆነው ታዩኝ፤ ዝናብ አጥቧቸው የሄደ ይመስላሉ። ቤት ገብቼ ግድግዳ ሳይቀር አጠብኩ። ወንድሜ ሰይድ ያን ሰሞን እኔ ዘንድ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከላምበረት ተነስቶ በአይሱዙ እስከ ደሴ ይመላለሳል። «እታለም፣ ዛሬ ምን አቅምሰውሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «እንዲህ ያለውን ለእኛ ለሹፌሮች ነው መስጠት።»

በማግሥቱ ከአልኮል ጋር ደባለቅነው። እኔ አልኮል በአፌ አላደርግም። ሥራው ስለዚህ ተከፈለ፤ ጋሽ በዳዳ ቀምሰው ይተፋሉ፣ እኔ አሸታለሁ። ከኮኛክ ጋር ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ ይመስላል፤ አንዱም አይሰማም። ከአረቄ ጋር ሲሆን ጭራሽ ተጣሉ። ከቮድካ ጋር ቀጠነ። ከጂን ጋር ግን የሆነ ነገር ሆነ። ጂን በጥድ ፍሬ የሚቀመም መጠጥ ነው፤ ለብቻው ሲሸት ጥድ የተፈለጠበት ደጅ ይመስላል። ቢጫው ሲጨመርበት ግን ጥዱ የለም። ብርጭቆውን በመዳፌ ደፍኜ አሞቅሁት፤ አሁንም የለም። ሎሚ ብቻ።

አጀብ አልኩ። ቅጹ ላይ «የአልኮሉ ሽታ ፈጽሞ አይታወቅም» ብዬ ጽፌ ከአሥር አሥር ሰጠሁት።

ጋሽ በዳዳ የጻፍኩትን አነበቡና ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ሙገሳ ነው ስሞታ?»

«ሙገሳ ነዋ ጋሼ! የማይሸት መጠጥ ማለት እኮ ነው።»

«እኔ ባንኮኒ ጀርባ ሳለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሚያስፈራኝ ጠጪ መጠጥ የማይሸተው ነበር።»

በመስኮቱ የምትገባውን ፀሐይ ተመለከቱ። ከዚያ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ።

አቶ ፍስሐ ያቺን የጻፍኳትን አንዲት መስመር ወደዷት፤ ማስታወቂያ ላይ እንድትታተም አዘዙ። መጠጡ የሚተዋወቅበት ዝግጅት ቦሌ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ወንበርና ድንኳኑን ከጎሮ ተከራይተው ስለነበር የሚያመላልስ መኪና አስፈለገ፤ ሰይድ በአይሱዙው መጣ።

ያን ቀን ጠዋት ፋብሪካ ገብቼ የብርቱካን ሥራ ነበረብኝ፤ ከአሥር ብርጭቆ በላይ ቀምሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝግጅት ነው ብዬ አዲስ ቀሚስ ለበስኩ፤ ሽቶም ተቀባሁ። ጋሽ በዳዳ የሆቴሉ በር ላይ ሲያገኙኝ አፍንጫቸውን ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። «ዛሬ እንግዳ ነኝ ጋሼ፣ አልሠራም» አልኳቸው።

ግቢው ሁለት ጠረጴዛ ነበረው። ንጹሑ መጠጥ ቢጫ ስትሮ፣ ከጂን ጋር የተደባለቀው ነጭ ስትሮ ይደረግበታል። ብርጭቆው አንድ፣ መልኩ አንድ፣ በረዶው አንድ። እንግዳ ሲበዛ ቢጫው ስትሮ አለቀ፤ አስተናጋጆቹም በሁሉም ላይ ነጩን ማድረግ ጀመሩ። ይህን አንዷ አስተናጋጅ ስታልፍ ነግራኛለች። ሰምቻለሁ።

ሰይድ ወንበር ሲያወርድ ውሎ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ከሚያልፍ ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ አንስቼ ሰጠሁት። ነጭ ስትሮ ነበረው። ቢጫው ስላለቀ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀመሰና ፊቱን ጨምደድ አደረገ። «ያቃጥላል። ጉሮሮዬን ጫር አደረገኝ። ደኅና ነው ይሄ?»

«እንደዚያው ነው» አልኩት። «ጅራቱ ይመራል። ጽፌዋለሁ እኮ።»

«አንቺ ካልሽ» አለና ጠጣው። ጥሞት ነበር። ሁለተኛ ጠየቀኝ፤ ከዚያው ትሪ ሰጠሁት። ግማሹን ሲጠጣ አንድ እንግዳ ገፋ አድርጎት ቀሪው ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ነጭ ሸሚዙ ቢጫ ሆነ። ሁላችንም ሳቅን።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ወንበሮቹን ጭነን ወደ ጎሮ ተነሣን። ከጎኑ ተቀምጫለሁ። በገርጂ አድርገን ስንወጣ ከተማው ቀስ እያለ ከኋላችን ቀረ፤ መንገዱ አቧራ ሆነ። የታጨደ ማሳ፣ የገለባ ክምር፣ በባሕር ዛፎች መካከል የምትወርድ ፀሐይ። አቧራው ወርቅ ይመስላል። ሰይድ ዝምተኛ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎት ያወራል። አባታችን የሚወዱትን መንዙማ ጀመረ፤ ድምፁ ያማረ ነበር። «እታለም፣ መንገዱ ወንዝ ይመስላል፤ እኛ ቆመን እሱ ነው የሚሄደው» አለኝ። እኔም የመጠጡ ብርታት ነው ብዬ ደስ አለኝ። መስኮቱ ተዘግቷል። በጋቢናው ውስጥ የሚሸተኝ የኔ ሽቶ ብቻ ነበር።

ኩርባው ጋ ስንደርስ አልታጠፈም። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ፈገግ ብሏል፤ መሪውን ግን አላዞረም። «ሰይድ!» አልኩ። ቀስ ብሎ ዞር ብሎ አየኝ፣ ስሙን ከሩቅ የሰማ ይመስል። ባሕር ዛፉ ወደኛ መጣ።

እኔ ግንባሬ ተፈነከተ። እሱ ግራ እጁና ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሮጠው መጥተው አወጡን። ትራፊክ ፖሊሱ አሸተተው፣ አነጋገረው፣ ምንም አላገኘበትም። «እንቅልፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ሰይድም «ሕልም ይመስል ነበር» ስላለ ሁሉም እንቅልፍ መሆኑን አመነ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሆስፒታል ልብሱን ይዤ ቤት ገባሁ። ቧንቧው ሥር ተቀምጬ ሸሚዙን ሳሙና ውስጥ ከመንከሬ በፊት፣ እጄ በልማድ ይሁን እንጃ፣ ደረቱ ላይ የደረቀውን ቢጫ ቦታ በመዳፌ ይዤ አሞቅሁትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሎሚ በኖ የሚጠፋ ሽታ ነው፤ ሌሊቱን ሄዷል። የቀረው የጥድ ሽታ ነበር። ጥድ የተፈለጠበት ደጅ።

ውኃው እየፈሰሰ ቧንቧው ሥር ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

አልነገርኩትም። ዛሬ ቢጠይቁኝ ስለሱ ስል ዝም አልኩ እላለሁ፤ አንድም ወቅት ሶላት አሳልፎ የማያውቅ፣ ሐራም ነገር ወደ አፉ አስጠግቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግን ስለራሴም ነበር። ብርጭቆውን ቀምሶ «ደኅና ነው ይሄ?» ሲለኝ፣ የገዛ ምላሱ የነገረውን እኔ ነኝ ያስተባበልኩበት።

ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ዘንድ ተኛ። ጠያቂ ሲመጣ «ተኛሁ» ይላል፤ «ነቅቼ ነበር ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምነውም።» ሌሊት ደብረ ሲና ላይ ጉም ውስጥ የነዳ፣ አንድ ቀን ሸብረክ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ከመኪና ድምፅ ሲሸሽ አየሁት። መኪናው ላምበረት አንድ ጋራዥ ቆሞ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ «ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ ይወስደዋል። አጎታችን ሱቅ ገብቼ እሠራለሁ» አለኝ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ በዳዳ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ስትሮውን፣ ሽቶዬን፣ ሸሚዙን። አልገሠጹኝም። መሳቢያውን ከፍተው ቅጹን አወጡ።

«ስረዥው» አሉ። «እንዳትፍቂው።»

አሥሩን ሰርዤ ጎኑ ጻፍኩ፦ «የአልኮሉ ሽታ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው መጠጣቱንም መስከሩንም ሳያውቅ ይጠጣዋል። አይደባለቅ።» እሳቸው ከሥሩ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው፣ «ጠርጥሬ ፈርሜያለሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው» ብለው ጨመሩ። ተያይዘን ወደ አቶ ፍስሐ ወጣን።

አቶ ፍስሐ አንብበው ሲጨርሱ በሩን ዘጉ። «ይህን ማን ያውቃል?»

«እኛና ፈጣሪ» አልኩ።

«ወንድምሽስ?»

«ገና ነው።»

ማስታወቂያው ታትሟል፤ ሦስት ሆቴል ተስማምቷል። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። «እኔ ያን ቀን ሦስት ብርጭቆ ጠጥቼአለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ልጆቼን ከዘመድ ቤት በመኪና ይዤ ገባሁ።» ወረቀቱን መልሰው ሰጡን። «ማስታወቂያው ይቃጠል። ለብቻው ይሸጥ።»

ለብቻው ተሸጠ። ብዙም አልሄደም፤ ሰው ለምዶት የኖረውን ለስላሳ አልተወም፣ ከዓመት በኋላ ቢጫው ጣሳ ከመደርደሪያ ጠፋ። ጋሽ በዳዳ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሲሞቱ የተቀበሩት ጎሮ ነው፤ ልጅ ሆነው ከብት ያገዱበት ሜዳ ያን ጊዜ የኅብረት ሥራ ቤቶች ተሠርተውበት ነበር። ዋና ቀማሽነቱ ለኔ ተላለፈ። በየዘመኑ ለመጡልኝ ቀማሾች የሳቸውን ደንብ አስተምሬአለሁ፤ አንድ ብቻ ከራሴ ጨምሬ። ሰው «ያቃጥላል» ካላችሁ ብርጭቆውን ተቀበሉት።

የሰይድን ነገር ግን አልጨረስኩም።

የመኪናው ገዢ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ግቢ ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር አጥቼ ከሸሚዙ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። በአንድ እጁ ውዱእ አደረገ። አፉን ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፤ እንደገና ተጉመጠመጠ። ስድስት ሳምንት አልፎ!

ተመልሶ ቆመ። «ሁለት ብርጭቆ?»

«አንድ ተኩል። ሌላው ፈስሷል።»

«ሁለተኛውን እኔ ነኝ የለመንኩሽ?»

«አዎ።»

«ያቃጥላል ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

በእጁ ውኃውን ከፊቱ ጠረገ። ከዚያ፣ «እንግዲህ አልተኛሁም?» አለ።

«አልተኛህም ሰይድ። ዓይንህ ክፍት ነበር። አይቼሃለሁ።»

«ነቅቼ ነበር» አለ። «ወላሂ ነቅቼ ነበር!» ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ አባታችን ሲሞቱ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ግን ወደኋላ አለ። «ተይኝ እታለም። አሁን ተይኝ።»

ሼኩን ጠየቀ፤ ሳያውቅ ለጠጣ ሰው ኃጢአት የለበትም አሉት። እሱ ግን በማግሥቱ ዕቃውን ይዞ ላምበረት ጓደኞቹ ዘንድ ገባ። መኪናውን ለመሸጥ እንደተወ ከሰው ሰማሁ። እኔ ዘንድ ግን ድርሽ አላለም። ዒድ አለፈ። እጁ እንደዳነ፣ መኪናው ተጠግኖ እንደወጣ፣ ሁሉንም ከሰው ነው የምሰማው። ፋብሪካ ስቀምስ ስውል፣ ማታ ቤቴ ስገባ፣ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ለሁለት ሰው የሚበቃ ወጥ እሠራ ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደጄ ላይ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ። ስወጣ አይሱዙው ቆሟል፤ አፍንጫው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሰይድ ከመሪው ጀርባ ተቀምጧል። ሰላም አላለኝም። ተዘርግቶ የተሳፋሪውን በር ከውስጥ ከፈተልኝ።

«ግቢ።»

ገባሁ። በገርጂ አድርጎ ወደ ጎሮ ያዘ። ቀን ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ማሳው ላይ አዲስ ቡቃያ አረንጓዴ ለብሷል። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ጋሪ ቀድሞን አለፈ። ከመኪናው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ኩርባው ከሩቅ ሲታይ ሳላውቀው የበሩን እጀታ ያዝኩ።

አየኝ። «ከፈራሽ ውረጂ» አለ።

«አልፈራሁም።»

ጥቂት ሄደ። መሪውን የያዙት እጆቹ ላይ ላብ ሲያብለጨልጭ አየሁ።

«እኔ ፈርቻለሁ» አለ። «ለዚህ ነው የጠራሁሽ።»

እጀታውን ለቀቅሁት። ኩርባውን ታጠፈ፤ ልጣጩ የተገሸለጠውን ባሕር ዛፍ አለፍነው፤ ከዚያም ወዲያ፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ነዳ።